ጓንዡ ለምትመጡ ልጆቼ፤ መጀመሪያ ከተማውን

ውድ ልጆቼ፣

የምኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ነው። ሥራዬ ማስተርጎምና ዕቃ ማስጫን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ አንዳንዴም ከዱባይ የሚመጡ ነጋዴዎችን ተቀብዬ ገበያ አዞራለሁ፣ ፋብሪካ እወስዳለሁ፣ ኮንቴይነር ሲታሸግ ቆሜ አያለሁ። ፀጉሬም የሸበተው በዚሁ ሥራ ነው። አሁን አሁን የሚመጡት አብዛኞቹ በልጆቼ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ጎበዞች ናችሁ። ዋጋ በስልክ አጥንታችሁ፣ ናሙና መርጣችሁ ነው የምትመጡት። ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙዎቻችሁ ጓንዡን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ከአውሮፕላን ሆቴል፣ ከሆቴል ገበያ፣ ከገበያ ካርጎ፣ ከካርጎ መልሶ አውሮፕላን። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተመዘገበበት ከተማ ነው። እናንተ ግን ሁለት መንገድ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ለገበያ አትስጡት፣ ለከተማው ስጡት። እርግጥ ለመዝናናትም ነው፤ ወጣት ናችሁ፣ ይገባችኋል። ግን ለሥራውም ይጠቅማል። መንገድ የማያውቅ ነጋዴ ደላላ በወሰደው ቦታ ይገዛል። ሰው እዚህ ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚነጋገር ያላየ ልጅ ባለ ሱቁ ፊት ይጨነቃል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ቶሎ ይከፍላል።

ዝግጅቱን ቤታችሁ ሆናችሁ ጀምሩ። ቻይና ውስጥ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል በአገሩ ኢንተርኔት አይከፈቱም። እናት ልጇ ደረሰ አልደረሰ ሳታውቅ ስትጨነቅ ማደር የለባትም፤ ቀድማችሁ ዊቻት የሚባለውን የቻይናዎቹን የመልእክት መተግበሪያ ጫኑላት። አዲስ የዊቻት አካውንት ሲከፈት ነባር ተጠቃሚ ኮዱን ስካን አድርጎ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን አገር ቤት ጨርሱት። በስልክ የሚከፈልበትን አሊፔይም አውርዱ። ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካላችሁ ከእሱ ጋር ይያያዛል። ካርድ ከሌላችሁም በጥሬ ገንዘብ መኖር ይቻላል፣ ዝርዝር ብቻ ያዙ። ጠዋት በር ላይ የእንፋሎት ዳቦ የምትሸጥ ሴት ለ100 ዩዋን መልስ ላይኖራት ይችላል። ለመንገድ ደግሞ ጋኦደ የሚባለውን የቻይናዎቹን ካርታ ተጠቀሙ፣ በእንግሊዝኛም ይሠራል። የሆቴላችሁ ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈበት ካርድ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ወረቀት አይጨርስም።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። ጓንዡ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ከዚያ በላይ ግን የሚያምታታው አቆጣጠሩ ነው። ባለ ፋብሪካው ከሰዓት በኋላ በ3 እንገናኝ ካላችሁ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ቻይናዊ ቀጠሮ ያከብራል፣ ያረፈደ ሰው ላይም ፊቱ ቶሎ ይጠቁራል።

ከአየር ማረፊያ ስትወጡ ተርሚናሉ ውስጥ ተጠግቶ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚላችሁን ሰው አትከተሉ። ሻንጣ ከበዛባችሁ ሰልፍ ያለበት ሕጋዊ የታክሲ መቆሚያ አለ። አለዚያ ዲዲ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ መኪና ጥሩ። ሻንጣው ካልከበደ ግን ሜትሮውን፣ የከተማውን ባቡር፣ ያዙ። 3ኛው መስመር ከአየር ማረፊያው ይነሳል። ጂያሄ ዋንግጋንግ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ወደ 2ኛው መስመር ተዛወሩ። 2ኛው መስመር መነሻው እዚያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መቀመጫ ይገኛል።

ይህን 2ኛ መስመር በደንብ ልመዱት። ሳንዩዋንሊን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ዩዌሹ ፓርክን፣ መሃል ከተማውን፣ የሃይጁ አደባባይን እያለፈ እስከ ደቡቡ የፈጣን ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። የእኛ ሰው የሚፈልገው ቦታ ግማሹ እዚህ መስመር ላይ ነው። አፍሪካውያን የሚበዙበት ሻኦቤይ ደግሞ 5ኛው መስመር ላይ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ትቀይራላችሁ። ዋጋው ከ2 ዩዋን ይጀምራል። የጣቢያው ስም በላቲን ፊደልም ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛም ይነገራል። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። የሁሉም ሰው ቦርሳ ነው የሚፈተሸው፣ ቅር አይበላችሁ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል 3ኛው መስመር ላይ መቆሚያ አይገኝም፤ በዚያ ሰዓት ዕቃ ይዛችሁ አትግቡ። ማታም አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ማደሪያችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ባቡሮቹ መቆም ይጀምራሉ።

አሁን ወደዚያች የመጀመሪያ ቀን እንምጣ።

በጠዋቱ ዩዌሹ ፓርክ ግቡ። ጡረተኞቹ በየጥላው ሥር ናቸው። ገሚሱ ታይቺ ይሠራል፣ ገሚሱ ይጨፍራል፣ ገሚሱ ላባ የተሰካባትን ኳስ በእግሩ ያቀባብላል። ክቡ ጋ ብትቆሙ ኳሷን ወደ እናንተ ይመቷታል። መልሱላቸው። ቋንቋ አያስፈልግም። ኮረብታው ላይ የአምስት ፍየሎች ሐውልት አለ። በአፈ ታሪኩ ከተማው በረሃብ ሲጠቃ አምስት ቅዱሳን በፍየል ተቀምጠው የእህል ዛላ አመጡለት ይላሉ። የከተማው ምልክት እሱ ነው።

ከዚያ የጠዋት ሻይ። ዛኦ ቻ ይሉታል። እሱን ሳትጠጡ ጓንዡን አየን አትበሉ። ሰፊ የሻይ ቤት ፈልጋችሁ ግቡ፣ ሽማግሌዎች የሚበዙበትን። መጀመሪያ የሻይ ዓይነት ይጠይቋችኋል። ከዚያ ሙቅ ውሃ ይመጣል። አጠገባችሁ ያሉት ስኒያቸውንና ሳህናቸውን በመጀመሪያው ሻይ ሲያለቀልቁ ታያላችሁ፣ እናንተም አድርጉት። ሰው ሻይ ሲቀዳላችሁ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ምስጋና ነው። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። አስተናጋጇ ሳትጠራ መጥታ ትሞላዋለች። ምግቡ በትንንሽ የቀርከሃ ሳጥን በእንፋሎት እየበሰለ ይመጣል። ሁለት ሁለት ዓይነት እያላችሁ እዘዙ፣ አትቸኩሉ። እዚህ ሰዎች በአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ እስከ እኩለ ቀን ይጨዋወታሉ። የእኛ የቡና ሥርዓት እስከ በረካ እንደሚቆየው ሁሉ፣ ዋናው ነገር ምግቡ ሳይሆን አብሮ መቀመጡ ነው።

ይህን የማስረዝመው በምክንያት ነው። የዚህ አገር ሰው በሱቁ መደርደሪያ ፊት ዋጋ ይነግራችኋል። ሻይ ላይ ግን የትኛው ፋብሪካ እንደሚያረፍድ፣ የትኛው ጨርቅ እንደሚለቅ ያወራል። የለመዳችሁትን አቅራቢ አንድ ጠዋት ሻይ ጋብዙት። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብሎ ይሟገታችኋል። ቀድማችሁ ክፈሉ።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ እዚህ ላይ ንቁ። ከእነዚያ ትንንሽ ሳጥኖች ብዙዎቹ አሳማ አለባቸው። ሽሪምፕ ያለበትም ቢሆን የአሳማ ስብ ሊገባበት ይችላል። «አሳማ አልበላም» የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ሳታዝዙ በፊት አሳዩ። ለሙስሊም ልጆቼ በየሰፈሩ የላንዡ ኑድል ቤቶች አሉ፣ ሐላል ናቸው፣ ርካሽም ናቸው። ለጾመኛ ደግሞ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች አካባቢ ሥጋ የማይነካ ምግብ ቤት ይገኛል። ተራ ቤት ገብታችሁ ጎመን ብታዝዙ ግን ኦይስተር ከሚባል የባህር እንስሳ የተሠራ መረቅ አድርገውበት ሊያመጡት ይችላሉ። ቀድማችሁ «ያለ መረቅ» በሉ። እንጀራ ሲያምራችሁ ሻኦቤይና ሳንዩዋንሊ አካባቢ ያሉ የእኛ ልጆች የት እንደሚገኝ ይነግሯችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ግን ያለ እንጀራ ዋሉ።

ከሻይ በኋላ ወደ ሃይጁ አደባባይ ውረዱና ቅዱስ ልብ ካቴድራልን እዩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው፣ ግራናይት። እ.ኤ.አ. በ1863 ተጀምሮ በ1888 አለቀ። እሑድ በእንግሊዝኛም ቅዳሴ አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሁዋይሼንግ መስጊድ አለ፣ ቻይና ውስጥ ካሉት በጣም ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ። ሚናሬቱ በድሮ ጊዜ ለመርከበኞች መብራት ይበራበት ነበር ይባላል። ለጁምዓ ሶላት ደግሞ ብዙ አፍሪካውያን የሚሄዱት ዩዌሹ ፓርክ አጠገብ ያለው ሺያንሺያን መስጊድ ነው።

እነዚህን ሕንፃዎች ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ በባህር መጥቶ መነገድ የጀመረው የእኛ ትውልድ አይደለም። የዓረብና የፋርስ ነጋዴዎች ከሺህ ዓመት በፊት እዚህ ሰፈር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1757 እስከ 1842 ደግሞ ለምዕራባውያን ነጋዴዎች የተፈቀደው ብቸኛ የቻይና ወደብ ይህ ነበር። ከተማው የውጭ ነጋዴ ለምዷል። እንግዳ ነን ብላችሁ አንገታችሁን አትድፉ።

ቀኑ ሲበርድ ወደ ሻሚያን ደሴት ሂዱ፣ ሁዋንግሻ ጣቢያ ወርዳችሁ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኦፒየም ጦርነት በኋላ የያዙት ትንሽ ደሴት ነው። ያረጁ ሕንፃዎች፣ ትልልቅ ዋርካዎች፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች። መኪና ስለማይበዛ ለእግር ይመቻል። ከዚያ በሕዝብ ጀልባ ወንዙን ተሻገሩ፣ ጥቂት ዩዋን ነው። የቱሪስት መርከብ አያስፈልጋችሁም። 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ታወርም ላይ ለመውጣት ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ከማዶ ዳርቻ ሆናችሁ ማታ መብራቱ ሲቀያየር ብታዩት ይበልጣል። ሴቶች ልጆቼ፣ ወንዙ ዳር ማታ ሰው አይጠፋም፣ በእርጋታ መሄድ ትችላላችሁ።

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ የሚጎዱ ልጆች አያለሁ። ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ራሱ ለፖሊስ ያስመዘግባችኋል። ጓደኛ ቤት ካረፋችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ። ቪዛ ካለፈ ቅጣቱ በቀን 500 ዩዋን ነው፣ እስከ 10,000 ይደርሳል፣ እስርም ሊኖረው ይችላል። በጎብኚ ቪዛ ሥራ እናስቀጥራችሁ የሚላችሁን አትስሙ። የኢትዮጵያ ቆንስላ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ፤ አድራሻውን ሳትቸገሩ በፊት ያዙት።

እውነቱን መደበቅ አልፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ብዙ አፍሪካውያን እዚህ ከቤትና ከሆቴል ተባረው መንገድ ላይ አድረዋል። ያ ቁስል አለ። ዛሬም ሜትሮ ውስጥ ትክ ብሎ የሚያያችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ግን ሻንጣችሁን ደረጃ ላይ የሚያነሳላችሁ፣ መንገድ ሲጠፋባችሁ ሥራውን ትቶ እስከ ጣቢያው የሚያደርሳችሁም እዚሁ አለ። ሁለቱንም አይቻለሁ። በአንዱ ሌላውን አትሸፍኑት።

በማግስቱ ገበያ ግቡ። ልብስ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዣንሺ፣ ጨርቅ ዦንግዳ፣ ቦርሳና ቆዳ ሳንዩዋንሊ አካባቢ። ለቤት ዕቃና ለሴራሚክ ፎሻን ይሻላል፣ በሜትሮ ይደረሳል። በእጅ ቁጥር ሲያሳዩዋችሁ ተጠንቀቁ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት 8 ነው እንጂ 2 አይደለም። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት 6 ነው። ሁለት ጠቋሚ ጣቶች ሲጠላለፉ 10 ነው። የተስማማችሁበትን ሁሉ ሞዴሉን፣ ቀለሙን፣ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትክፈሉ፣ የተለመደው 30 በመቶ ቀብድ ነው።

መቼ እንምጣ ለምትሉኝ፣ በቻይና አዲስ ዓመት አትምጡ፤ ፋብሪካው ሠራተኛው ሁሉ አገሩ ስለሚገባ ለሳምንታት ይዘጋል። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ግድግዳው ሳይቀር በእርጥበት ያልበዋል። ክረምቱ ሙቀትና አውሎ ነፋስ ነው፣ ለአዲስ አበባ ልጅ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የንግድ ትርኢት፣ የካንቶን ትርኢት፣ በኤፕሪል እና በኦክቶበር አጋማሽ ይከፈታል፤ ትርኢቱን ካልፈለጋችሁት በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይጎዳችኋል። የበልጉ አይመቻችሁም፣ የመኸሩ ደግሞ በኖቬምበር መጀመሪያ ያልቃል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ኑ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ቀኑ ሞቃት፣ ማታ ቀጭን ሹራብ ይበቃል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ የምትጾሙ ከሆነ የሻይ ቤቱን ጠዋት ከዚያ ቀድማችሁ አድርጉት።