ኮምፔንሳቶ ወይስ ፋይበርግላስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ነው። ለ12 ዓመት ልጄ ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ልገዛላት ብዬ ሚረር የሚሏትን ትንሽ የሸራ ጀልባ ሁለት አየሁ። አንዷ የኮምፔንሳቶ ናት፣ ሌላዋ የፋይበርግላስ። የኮምፔንሳቶዋ ዋጋ ግማሽ ነው። የትኛዋ ትበረክታለች?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ወስፌ ይዘህ ተመለስ።

ሚረር እ.ኤ.አ. በ1963 ስትወጣ የኮምፔንሳቶ ጀልባ ነበረች። ሰው በየቤቱ ጣውላውን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ፣ መጋጠሚያውን በፋይበርግላስ ጨርቅና ሲደርቅ በሚጠነክረው ሙጫ፣ በሬዚን እየለበጠ ይሠራት ነበር። 50 ዓመት አልፏቸው ዛሬም ሸራ የሚወጥሩ አሉ። ስለዚህ ኮምፔንሳቶ በመሆኗ ብቻ አትናቃት።

እንጨቱን የሚያበሰብሰው ከባሕሩ ይልቅ ውስጧ የሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቀለሟ አብረቅርቆብኝ ነው። ቤት ወስጄ ጀልባዋን እንዳትሰምጥ የሚያንሳፍፋትን የኋላውን የአየር ሳጥን ስከፍት የምድር ቤት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጣውላው እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር። በጣም አዘንኩ። አንተ የሳጥኖቹን ክዳን ከፍተህ መጀመሪያ አሽትት። ከዚያ የጣውላውን ጠርዝ፣ የኋላውን ግድግዳ እግርና የምሰሶውን መቆሚያ በወስፌ ጫን ጫን አድርግ። ጤነኛ እንጨት ይመልስሃል። እንደ ዳቦ ከሰመጠ ተዋት።

ፋይበርግላስ አይበሰብስም፤ ግን ይደክማል። ምሰሶው ሥር እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ነገር ካለ ጠርጥር። በካቻቢቴ እጀታ ዳር እስከ ዳር አንኳኳ። ጥርት ያለው ድምፅ በድንገት ከታፈነ፣ እዚያ ጋ ንብርብሩ ተላቋል ወይም ውኃ ገብቷል። ሆምጣጤ የሚሸት ውኃ የሚቋጥረው እብጠት በአብዛኛው ወራቱን ሙሉ ውኃ ላይ የሚከርሙትን ነው የሚይዘው። ተጎታች ላይ ለምታድር ሚረር ብዙም አያሰጋም።

ሁለቱንም አንሣቸው። ባዶ ሚረር 45 ኪሎ ገደማ ናት፤ ለሁለት ሰው አትከብድም። አራት ሰው ከፈለገች ውኃ ጠጥታለች።

እኔ ብሆን፣ ወስፌው ካልሰመጠ የኮምፔንሳቶዋን እወስዳለሁ። ብትጎዳም ከልጅህ ጋር ቆርጣችሁ፣ ለጥፋችሁ ታድኗታላችሁ። ማሳደሪያህ ዝናብ የሚያገኘው ሜዳ ከሆነ ግን ፋይበርግላሷን ውሰድ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የጣና ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ፣ አቁሞ ያደርቃታል። አንተም ጀልባዋን ሁለት እንጨት ላይ ድፋት። የሳጥኖቹን ክዳን ከፍተህ ተው፤ ሸራ ካለበስካትም ከሥር ንፋስ ይግባላት።