የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት በእግር

ጥያቄህ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ «አራት ጓደኛሞች ነን። በሚቀጥለው ሳምንት በሥራ ቀን ሁላችንም እረፍት አለን። ከመሀል ከተማ ወጣ ወዳለ ጸጥተኛ ሰፈር ሄደን ከሰዓት በኋላውን ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞርን ልናሳልፍ አስበናል። ሰው በሌለበት አይደብርም? ስንት ቤትስ ይበቃል?»

እኔ ከሦስት የቆዩ ጓደኞቼ ጋር በዓመት ሁለት ሦስቴ እንዲህ እወጣለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖናል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አይደብርም። ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፣ አንተም በሙዚቃው ላይ ትጮሃለህ፣ ጓደኛህ ከነገረህ ግማሹን ሳትሰማ ትገባለህ። ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ነው። ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ጥግ ላይ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ቀስ እያሉ ይጫወታሉ። ጓደኛዬ ስለ አባቱ ሕመም መጀመሪያ የነገረን እንደዚህ ባለ ሰዓት ነው። ስድስት ወር በልቡ ይዞት ነበር። ማታ ማታ ስንገናኝ አንድም ቀን አላነሣውም።

አሳላፊውም ጊዜ አለው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጸጥ ባለ ቤት ድራፍት ሁሌ ጥሩ አይደለም። ጠጪ ሲያንስ በርሜሉ ቶሎ አያልቅም። በቱቦው ውስጥ ያደረው ቢራ ደግሞ ጣዕሙ ይበላሻል። የቀኑን የመጀመሪያ ብርጭቆ የምትጠጣው አንተ ከሆንክ የሚቀዳልህ ያደረው ነው። ስለዚህ «ዛሬ ድራፍት ተቀድቷል? በርሜሉ መቼ ተከፈተ?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ሥራ ያልበዛበት አሳላፊ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይነግርሃል። መልሱ ካላሳመነህ ጠርሙስ እዘዝ። መስኮት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ግን ተው። ብርሃን በቢራው ውስጥ ያለውን ሆፕስ የሚባል ቅመም ይነካውና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴውና ከነጩ በተሻለ ይከላከላል።

ስንት ቤት ለሚለው፣ አራት ይበቃል። አምስተኛውን አታቅድ።

ስድስት ያቀድንበትን ቀን ልንገርህ። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነበር። ሁለተኛው ቤት ዝግ ሆኖ አገኘነው። ሦስተኛውም የሚከፍተው ሲመሽ ነው ተባልን። በፀሐይ ብዙ ተጉዘን አራተኛው ቤት ስንደርስ ጉሮሯችን ደርቋል። ጥማችንን በቢራ ቆረጥን፤ ሁለት ሁለት ብርጭቆ በሃያ ደቂቃ ውስጥ። ከምሳ በኋላ ማንም እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን አንዱ ጓደኛችን የሰው አጥር ሥር ተቀመጠና መነሣት አቃተው። ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነበር፤ ቆም ብለው ያዩታል። አንዲት እናት ከግቢያቸው ውሃ ይዘው ወጡ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ አጠጡት። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት አልረሳውም። የሰዎቹ ሰፈር ነው፣ እኛ እንግዶች ነን።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን በደንብ ተማርኩት። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። ግማሽ ሊትር ከሆነ ወደ 20 ግራም ይጠጋል። 150 ሚሊ ሊትር ወይን ደግሞ 12 በመቶ ቢሆን ወደ 14 ግራም ነው። ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው እንደ ሰዉ ቢለያይም ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ቢራ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። በየቤቱ አንድ አንድ ትንሽ ቢራ፣ አራት ቤት፣ አምስት ሰዓት፦ ሞቅ ትላለህ፣ ግን አትወድቅም። በየቤቱ ሁለት ሁለት ካደረግከው ከሁለተኛው ቤት በኋላ ያለውን ጨዋታ ነገ በደንብ ላታስታውሰው ትችላለህ። ቡና ጠጥቼ እነቃለሁ የሚለውንም አትመን። ቡና እንቅልፉን ይገፋልሃል እንጂ ከደምህ ውስጥ አልኮል አያወጣም።

ከመነሣታችሁ በፊት በደንብ ብሉ። ምግብ ሆድ ውስጥ ሲኖር አልኮሉ ወደ አንጀት ቶሎ አይወርድም፣ ወደ ደምም ቀስ ብሎ ይገባል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤት ላይ እንደገና ቅመሱ። ውሃ ደግሞ በየቤቱ፣ ሳትጠየቁ። አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ከወትሮው በላይ ትሸናለህ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቤት ስትወጡ ሽንት ቤት ግቡ። ቀላል ነገር ይመስላል። መኖሪያ ሰፈር መሀል ግን ሌላ መሄጃ የለም፣ አጥር ሥር መሽናትም ነውር ነው።

መንገዱን ሳታዩት አትውጡ። እኔ አንድ ቀን ቀድሜ ብቻዬን እዞረዋለሁ፤ ካልቻልኩ በስልክ እጠይቃለሁ። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ክፍት ናችሁ?» ብለህ ቀኑን ለይተህ ጠይቅ፤ «ክፍት ናችሁ?» ብቻ ካልክ የሚመልሱልህ ስለ ቅዳሜ ነው። በሁለት ቤቶች መሀል 15 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ካጠረ ያለፈው ብርጭቆ ሳይሰማህ ሌላ ትይዛለህ። አልኮል ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነውና የእግር መንገዱ ራስህን የምትመለከትበት ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ መንገድ ነው። ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይለውን ይላል። ዛፉን፣ የተንጠለጠለውን ልብስ፣ በር ላይ የተኛውን ውሻ እያያችሁ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ከሩቁ ቤት ጀምሩ፤ የመጨረሻው ለትራንስፖርት የቀረበው ይሁን። መኪና ማንም አያምጣ፤ «እኔ ሁለት ብቻ ነው የምጠጣው» የሚለውም ቢሆን። 8 ሰዓት ጀምራችሁ 1 ሰዓት ላይ ብታበቁ ይበቃል። ሹራብ ያዙ። ሲመሽ አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሰውነትህ የሞቀው ይመስልሃል፣ እውነቱ ግን ሙቀት እየወጣብህ ነው።

ቤት ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ተቀምጠው ለቆዩት ሰላምታ ስጡ። የዘወትር ደንበኛ የራሱ ወንበር አለው፤ የት እንደምትቀመጡ አሳላፊውን ጠይቁ። ሂሳብ ደግሞ በየቤቱ ዝጉ። በዙር አትጋበዙ፤ አራት ሰው በዙር ሲጋብዝ እያንዳንዱ ሳይፈልግ አራት ይጠጣል። የፈለገ ሌላ ቀን ይጋብዝ።

ከእኛ አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት መጠጥ አቁሟል። አሁንም አብሮን ይመጣል፣ ለስላሳ ወይም አልኮል የሌለው ቢራ ይዞ። የእሱን ብርጭቆ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያባብለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ብሏል፤ ስለዚህ «ዛሬ አልጠጣም» ያለ ሰው ምክንያት መስጠት የለበትም። ከእናንተ መሀል እንዲህ ያለ ሰው ካለ ጉዞው ለእሱም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ አልኮል የለውም የሚባለው ቢራ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል። ለጤናው ሲል ጨርሶ መንካት ለሌለበት ሰው ምልክቱን አንብቡለት።

አርብን ተዉት፤ አርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ሰዉ ከሥራ መውጣት ይጀምራል፣ ጸጥታውም ያኔ ያልቃል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። የመጨረሻው ቤት ላይ በር ላይ ወንበር ካለ ውጭ ተቀመጡ። ሰፈሩ መብራት ማብራት ሲጀምር፣ ከሥራ የሚመለሱት በአጠገባችሁ ሲያልፉ፣ እኛ ያን ሰዓት ብዙም አናወራም።