አዲስ ሸራ ከመግዛትዎ በፊት የጀልባዎን ሆድ ያስጸዱ

በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ከአሽዶድ ወደ ሄርዝሊያ በምታደርጉት የወዳጅነት ውድድር፣ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የመዝናኛ ጀልባዎ ከሁሉም ኋላ እንደምትቀር ገልጸው አዲስ ሸራ መግዛት ይበጅ እንደሆነ ጠይቀዋል። አሁን አይግዙ። መጀመሪያ ከውኃው በታች ያለውን አካሏንና ፕሮፔለሩን ያስጸዱ፤ በሞቃቱ የሜዲትራኒያን ውኃ የሚለጠፈው አልጌና ዛጎል የሚበላውን ፍጥነት አዲስ ሸራ አይመልሰውም።

ቀጥሎ ክብደቱን ይመልከቱ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ 50 ሜትር የመልህቅ ሰንሰለት 110 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በፊተኛው ጫፍ ሲከማች ጀልባዋ በየማዕበሉ አፍንጫዋን እየደፋች ፍጥነቷን ታጣለች። የውድድሩ ደንብ ካልከለከለ አብዛኛውን ወደ መካከል፣ ወለሉ አጠገብ አዛውረው አጥብቀው ይጠፍሩት።

መሪውን ሲይዙም የጀልባዋን አፍንጫ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከመጠን በላይ አያስጠጉ። በፊተኛው ሸራ ላይ የተለጠፉት ቀጫጭን ክሮች በሁለቱም በኩል ተጋድመው ወደ ኋላ ሲፈሱ አቅጣጫዎ ትክክል ነው፤ በነፋሱ በኩል ያለው ክር ሽቅብ መዝለል ከጀመረ ግን አፍንጫዋን ከነፋሱ አምስት ዲግሪ ያህል ያርቁ።

መልህቁን ግን ከቦታው አያንሱ። እኔ አንድ ጊዜ ክብደት ለመቀነስ ብዬ ከታች አስቀምጬው ሳለ፣ ወደብ መግቢያ ላይ ነፋሱ ድንገት ጠፍቶ ሞተሩም አልነሳ በማለቱ ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ ግንብ ገፋን፤ መልህቁን ከዕቃ መካከል ጎትተን እስክንጥል ድረስ ከግንቡ የቀረን ርቀት ከጀልባዋ ርዝመት አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ጥቂት ሜትር ሰንሰለትና ረጅም ገመድ ከመልህቁ ጋር እንደተያያዘ፣ ለመጣል ዝግጁ ሆኖ ይቆይ።