መልስ፦ የስንብት ወረቀቱን ዛሬውኑ ልፈርም?
እህቴ፣ ሚኒሶታ ካለው የልብ መሣሪያ አምራች ከብዙ ሰው ጋር መቀነስሽንና አለቆቹ «ነገውኑ ፈርሚ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። አትቸኩዪ። ዕድሜሽ 40 ከሞላ፣ የዕድሜ አድልዎ ክስን የሚያስቀር ወረቀት ሲሰጡሽ የፌዴራል ሕጉ ለማሰቢያ 45 ቀን፣ ከፈረምሽ በኋላ ለመሻሪያ 7 ቀን ይሰጥሻል። በሚኒሶታ የሰብአዊ መብት ሕግ ደግሞ መሻሪያው 15 ቀን ነው፤ በጽሑፍ ይሁን።

ከወረቀቱ ጋር የተቀነሱትና የቀሩት ሠራተኞች የሥራ መደብና ዕድሜ ዝርዝር መያያዝ አለበት። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ «የአደረጃጀት ለውጥ» የሚሉት ማንን እንደመታ የሚታየው ግን እዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩ ከሌለ በዕድሜ በኩል የተውሽው መብት አይጸናም።

የጤና ኢንሹራንሱን በኮብራ (ከሥራ ከወጣሽ በኋላ የአሠሪውን ኢንሹራንስ እንድትቀጥዪ በሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ) ለመቀጠል መወሰኛ 60 ቀን አለሽ፤ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ወደኋላ ይታሰባል፣ ክፍያው ግን (ይቆንጥጣል!) በሙሉ ያንቺ ነው።