800 ክር የተባለው አንሶላ ከ300ው ይሻላል ወይ?

ወንድሜ፣ በቁጥሩ ብቻ አትግዛ። የክር ብዛት ማለት በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያለው ድርና ማግ ድምር ነው፤ ከ200 እስከ 400 ለመኝታ በቂ ነው። 800 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የተገመደው ክር ተነጣጥሎ ስለተቆጠረ ነው። እንዲህ ያለው ይከብዳል፣ በጅማ ክረምት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ዋናው የጥጡ ጭረት፣ ማለትም ክሩ የሚፈተልበት ቀጭን ቃጫ፣ ርዝመት ነው። አጭር ከሆነ ጫፍ ጫፉ እየወጣ አንሶላው ከጥቂት እጥበት በኋላ ትናንሽ እንክብሎች ያወጣል። ገበያ ስትሄድ ጨርቁን በሁለት እጅህ አሸት አሸት አድርገው፤ ነጭ ብናኝ ከረገፈ ጨርቁን ወፍራም ለማስመሰል የተቀባ ስታርች ነው፣ ጨርቁ ሲታጠብ ይሳሳል። ባለሱቁን አስፈቅደህ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዝና ለኩሰው፦ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ንጹሕ ጥጥ ሲታጠብ እስከ 5 በመቶ ሊኮማተር ስለሚችል ከፍራሽህ ልክ አስተርፈህ ግዛ።