ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልሰው ይደረጋል?

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ በሃይላንድ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውሃ መስሎት ተጎነጨ። ጎረቤቶቼ ወተት አጠጥተው፣ ጣት ጉሮሮው ከተው አስመለሱት። ወዲያው ሳል ጀመረው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ድኖ ወጣ። ያደረግነው ልክ ነበር? በረኪና ቢሆንስ ኖሮ?

መልስ፦ እንኳን ተረፈልዎ። ጎረቤቶችዎ ለመርዳት ብለው ነው፤ ነገር ግን ነጭ ጋዝ የጠጣን ልጅ ማስመለስ ከመጠጣቱ የባሰ ነው። ጋዙ ጨጓራ ውስጥ እያለ ብዙም አይጎዳም። ቀጭን ስለሆነ ግን ትን ሲል ሳንባ ውስጥ በቀላሉ ይሰራጫል፤ ሳንባን ለማቁሰል ደግሞ ትንሽ ይበቃል። ሲያስመልሰው ዳግም ትን ይለዋል። ወተቱም ሆድ ሞልቶ ትውከቱን ያመጣዋል።

በረኪና የጠጣንም ልጅ አያስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ይደግመዋል። የታሸገ የልብስ በረኪና ትንሽ ከተቀመሰ አብዛኛውን ጊዜ አፍና ጉሮሮን ከማቃጠል አያልፍም። እየተቀዳ የሚሸጠው ግን ምን ያህል እንደበረታ ስለማይታወቅ አይናቁት። ከሁሉም የከፋው ኮስቲክ ሶዳ (ለሳሙና መሥሪያና ለተደፈነ ቱቦ መክፈቻ የሚውለው ኬሚካል) ነው፦ የምግብ ቧንቧውን ያቆስልና ከሳምንታት በኋላ ጠባሳው ያጠበዋል።

እንዲህ ሲያጋጥም ጋዝ የነካውን ልብስ አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ ዕቃውን ከነተረፈው ይዘው ጤና ተቋም ይሂዱ። ሳል ባይኖረውም ቢያንስ 6 ሰዓት እዚያው ይታይ፤ የሳንባ ጉዳት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ጨጓራው ይታጠብልኝ ብለው አያስጨንቁ፤ ለነጭ ጋዝ እሱም ትን ያስብላል።

ቤትዎ ውስጥ ጥፋቱ ያለው ሃይላንዱ ላይ ነው። ለ2 ዓመት ልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ መልኩም ውሃ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ምድጃ ሲሞላ የተረፈው መሬት ላይ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀራል። ከመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ በማይመሳሰል ጀሪካን አድርገው፣ ጥብቅ አድርገው ከድነው ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። ከፍ ያለ መደርደሪያ ብቻውን አያስተማምንም፤ ልጅ ዱካ ጎትቶ ይወጣል። ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን ካገኙ ደግሞ ይግዙት፦ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ገጠር ወረዳ እንዲህ ያለ ዕቃ ለቤተሰቦች ሲታደል፣ ጋዝ የሚጠጡ ልጆች በግማሽ ያህል ቀንሰዋል።

ልጅዎ ከእንግዲህ ካተኮሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ በዚያው ቀን ይውሰዱት።