«ቤተር» ምክር ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ ይህ ነው፦ የሥራ ኃላፊያቸው በእንግሊዝኛ «ዩ ቤተር ቢ ሂር ባይ ሰቨን» ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ «ቤተር» ማለት «የተሻለ» ማለት ነው ተብለው ስለተማሩ፣ ንግግሩ «በሰባት ብትመጪ ይሻላል» የሚል ምክር ይሁን ትእዛዝ መለየት አቅቷቸዋል። አጭሩ መልስ ትእዛዝ ነው የሚል ነው፤ እህቴ፣ እንዳይዘገዩ። (ሰባት ያለውም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ አዲስ የመጡ ሰዎች ሲሳሳቱበት ደጋግሜ ስላየሁ ነው ይህን የምጨምረው።)

ረዘም አድርጌ የምመልሰው ይህች ቃል እኔንም ስላሳፈረችኝ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ለዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በሕክምና ቦታዎች አስተርጓሚ ነኝ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ለተቆጣጣሪዬ «ዩ ሃድ ቤተር ሴንድ ሚ ዘ ስኬጁል ቱደይ» የሚል መልእክት ላክሁላት። በልቤ የነበረው «የሥራ ሰዓቴን ዛሬ ቢልኩልኝ ይሻላል» የሚል፣ አክብሮቱ ያልጎደለ ልመና ነበር። እርሷ ያነበበችው ግን «ዛሬ ትልኪልኛለሽ፤ አለዚያ ታያለሽ» የሚል ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ደውላ «ካልላክሁልህስ ምን ልታደርገኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ በዚህ ሐረግ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ እንዳዘዝኋቸው ትዝ ብሎኝ ላብ አሰመጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ «ይሻላል» ለስለስ ያለ ቃል ነው፤ «ብትበላ ይሻልሃል» ስንል ምርጫውን ለሰውዬው ትተን ነው። «ሃድ ቤተር» ግን «ካላደረግህ የሚከተልህ መጥፎ ነገር አለ» የሚል ሐሳብ በውስጡ ይዟል። ስለዚህ አለቃ ለሠራተኛ፣ እናት ለልጅ፣ ፖሊስ ለአሽከርካሪ ሲሉት ያምራል፤ ሠራተኛ ለአለቃው ሲለው ግን ዛቻ ይመስላል። በንግግር «ሃድ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይዋጣል፤ የእርስዎ ኃላፊም ያደረገው ይህንኑ ነው። መልኩ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም የሚናገረው ስለ አሁንና ስለሚመጣው ጊዜ ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ግስም «ቱ» አይጨመርበትም። በአሉታ ሲነገር «ሃድ ቤተር ኖት» ይሆናል እንጂ «ኖት» ወደ መሐል አይገባም። ስለ ራስ ሲነገር ደግሞ ጥርሱ ይወልቃል፦ «አይድ ቤተር ጎ» ማለት «እንግዲህ ልነሣ» እንደ ማለት የሆነ ጨዋ መሰናበቻ ነው። ለሰው ምክር መስጠት ሲፈልጉ «ኢት ማይት ቢ ቤተር ኢፍ ዩ...» ብለው ቢጀምሩ ከእኛ «ቢያደርጉት ይሻላል» ጋር የሚቀራረበው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጤናን የሚመለከት ሲሆን፣ በእኔ ሥራ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ቤተር» ሲባል «ሻል ብሏታል» ማለትም፣ «ፈጽማ ድናለች» ማለትም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን «ተሻለኝ» እና «ዳንሁ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉን፤ በዚያ ላይ ትልልቅ ሰዎች ቢያማቸውም «ተመስገን፣ ተሽሎኛል» ማለታቸው የተለመደ ነው። አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ «ሺ ኢዝ ቤተር» ብዬ አስተረጎምሁ፤ ሐኪሙም ደስ ብሎት ቀጣዩን ቀጠሮ ለመሰረዝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ግር ስላለኝ ፈቃድ ጠይቄ «እማማ፣ ምን ያህል ተሻለዎት?» አልኋቸው። «ቀን ቀን ደኅና ነኝ ልጄ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ሳሉ መች ተወኝ!» አሉኝ። ቀጠሮው ሳይሰረዝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ተሻለኝ» የሚለውን «ኤ ሊትል ቤተር፣ ኖት ፉሊ» ብዬ ልተረጉመው ስል እንኳ መጀመሪያ ሕመምተኛውን እጠይቃለሁ።

የሰዋስዉ ነገር ብዙ አያስቸግርም። «ቤተር» የ«ጉድ»ም የ«ዌል»ም ማነጻጸሪያ ነው፤ ከ«ጉድ» ጋር ግን የሥር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ የጀርመንኛው «ቤሰር» ነው። ቃሉ ራሱ ማነጻጸሪያ ስለሆነ «ሞር ቤተር» ማለት ስሕተት ነው፤ «በጣም የተሻለ» ለማለትም «ቬሪ ቤተር» ሳይሆን «ማች ቤተር» ይባላል። ተማሪዎቼን ይበልጥ ያስቸግራቸው የነበረው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነበር፦ እኛ የሚያንሰውን አስቀድመን «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» እንላለን፣ እነርሱ ደግሞ የሚሻለውን አስቀድመው «ቤተር ሌት ዛን ኔቨር» ይላሉ። የአማርኛውን ሰልፍ ይዞ የተጻፈ እንግሊዝኛ ያረምሁበት ቀይ እስክሪብቶ ብዛት!

በቁሙ ሲተረጎም የሚያሳስትም አለ። «ዘ ቤተር ፓርት ኦቭ ዘ ደይ» ማለት የቀኑ ጥሩ ክፍል ሳይሆን የቀኑ አብዛኛው ክፍል ነው፤ ሐኪም ሕፃኑ በዚህ መልክ «ተኝቶ ዋለ» ካለ፣ ስለ እንቅልፉ ጥሩነት ሳይሆን ስለ ርዝመቱ እየተናገረ ነው። «ሂ ሹድ ኖው ቤተር» ሲባል ስለ ዕውቀት ብልጫ አይደለም፤ «እንዲህ ያለው ነገር ከእርሱ አይጠበቅም» የሚል ወቀሳ ነው። ድካም «ጎት ዘ ቤተር ኦቭ ሚ» ካሉ ድካም አሸነፈኝ ማለታቸው ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ቃል ኪዳን ውስጥ ቢያንስ ከ1549 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚነገረው «ፎር ቤተር፣ ፎር ወርስ» ደግሞ የእኛ «በደስታም በሐዘንም» ነው። በውርርድ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰውም «ቤተር» ይባላልና፣ አሜሪካኖች አጻጻፉን ለየት ማድረጋቸው ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስና፣ ለኃላፊዎ «አይ ዊል ቢ ሂር» ብለው ቢመልሱ ይበቃል። አውቶቡሱ እንዳያስረፍድዎ ከሠጉ «አይድ ቤተር ቴክ ዚ ኧርሊየር በስ» ብለው ቢጨምሩበትም ማንም አይቀየምም፤ ማስጠንቀቂያው ለራስዎ ነውና።